ካፖርት የለበሰችው አበባ

ቆሰበር ከመናኸሪያው በላይ ባለችው ሱቄ ሱሪ ያሳጠርሁላችሁ፣ ቀሚስ የሰፋሁላችሁ ሰዎች፣ እስከ ዛሬ "ልብስ ሰፊው" ስትሉኝ ኖራችኋል። ከእንግዲህ "አበባ ገዳዩ" ብትሉኝ አልቀየምም። ገድያለሁና። በክፋት ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ እገላገል ነበር፤ እኔ የገደልሁት በደግነት ነው። ለደግነት ምን ተብሎ ንስሐ ይገባል? የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው ሳቃቸው እንዳይታይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉኝ። ከምኑ እንደፈቱኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ የሻረግ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ሥር አንዲት አበባ ነበረቻት። ስሟን እኔም አላውቅም፣ የሻረግም አታውቅም ነበር፤ የሠፈሩ ሰው "የሻረግ አበባ" ይላታል፣ በቃ። ሥሯ ሽንኩርት ይመስላል፤ ያውም ደህና ጡጫ የሚያህል ሽንኩርት። ግንቦት ሲገባ ከመሬት አንድ ወፍራም አገዳ ትልክና ጫፉ ላይ አፋቸውን የከፈቱ ቀያይ አበቦች ታወጣለች። የቅላቷ ነገር! ቆሰበርን ታውቋታላችሁ፤ ጉም የወረደባት ዕለት ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም። ያ ቀይ ግን በጉም ውስጥ እንኳ ከመንገድ ይታይ ነበር።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ ከአማርኛ በቀር ቋንቋ የለኝም። የሻረግ ደግሞ የአዊ ገጠር ልጅ ናት። ለእኔ አማርኛ፣ ለአበባዋ አዊኛ ትናገር ነበር። ጠዋት ጠዋት እኔ ወደ ሱቅ ስወጣ እሷ መስኮቱ ሥር ጎንበስ ብላ ታወራታለች። ከአዊኛ የማውቀው ሰላምታና የእህል ስም ነውና አንድም ነገር አልይዝም። "ምን እያልሻት ነው?" ስላት "የሴት ወሬ ነው፤ አንተ ወደ ሥራህ ሂድ" ትለኛለች። እሄዳለሁ።

አምና ግንቦት ሲያልቅ፣ አበባዋ እንደተከፈተች፣ የሻረግ ሞተች። ይህን አሳምሬ የምናገርበት መላ የለኝም፤ ዝም ብዬ ልለፈው። ሕመሟ ረዥም ነበር። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዙሬላት አበባዋን እያየች ትውል ነበር። አንድ ቀን እጄን ያዘችና "አበባዬን አደራ" አለችኝ። ልጆቹን አደራ አላለችኝም፤ ልጆቹ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ አዲስ አበባ ራሳቸውን ችለዋል። ቤቱንም አላለችኝም። "እሺ" አልኋት። እንግዲህ አደራ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ወርቅ አደራ የተሰጠው ሰው ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ይተኛል። አበባ ግን የት ይቆለፋል?

ሙት ዓመቷ የሚውለው አበባዋ በምትፈካበት ሰሞን ነው። ዘመዶቿ ሁሉ ከገጠር ይመጣሉ፤ በዚያ በመስኮቱ በኩል ያልፋሉ። ስለዚህ ከቀብር መልስ ሐሳቤ ሁሉ አንድ ሆነ፤ በሙት ዓመቷ ዕለት ያቺ አበባ ቀልታ መታየት አለባት። ካልታየች ዘመዶቿ ምን ይሉኛል? እነሱስ ያሉትን ይበሉ፤ እሷ ምን ትለኛለች?

ክረምቱን ሥራው ሁሉ የእግዜር ነበር። ዝናቡ እንደሆነ በቆሰበር ለምኖት የሚያውቅ የለም። ቅጠሏ እንደ ጉድ ረዘመ። የእኔ ድርሻ ጠዋት ተነሥቶ በሜትር እየለኩ "አድጋለች" ማለት ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝና ካልለካሁት ነገር አድጓል ብዬ አላምንም። ዝናብ እየወረደብኝ በጉልበቴ ተንበርክኬ ቅጠል ስለካ ያየኝ ሰው ሁሉ ሐዘኑ ወደ ጭንቅላቴ የወጣ መሰለው። ሐቁን ልንገራችሁ፣ ወጥቶም እንደሆነ አላውቅም።

ኅዳር ሲገባ የቅጠሏ ጫፍ ቢጫ ሆነ።

ኧረ እንዴት ደነገጥሁ መሰላችሁ! ሰው ሲታመም ቢያንስ ራሴን፣ ሆዴን ይላል። ይቺ ምን ትላለች? መጀመሪያ የጠረጠርሁት ውርጩን ነው። የበጋ ሌሊት ውርጫችን የድንች ማሳ አቃጥሎ የሚያድር ነው። ለራሴ እንኳ ብርድ አልፈራም፤ ጋቢ ተሸክሞ ሱቅ መሄድ ስለሚታክተኝ ትከሻዬን ባዶ አድርጌ ነው የምወጣው። የሻረግ ጋቢዬን በክንዷ ይዛ ሱቅ ድረስ የመጣችባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። "ሴትዮ፣ ሕፃን አደረግሽኝ" እያልሁ በደንበኛ ፊት አፍር ነበር። ለአበባዋ ግን ሆዴ አልቻለም።

ከሱቅ የተረፈ ሰማያዊ የዩኒፎርም ቁርጥራጭ ነበረኝ። ለካሁ፣ ቆረጥሁ፣ ካፖርት ሰፋሁላት። ገበር አደረግሁለት። ኮሌታም አወጣሁለት። አበባ ኮሌታ ምን ያደርግላታል ብትሉኝ፣ እጄ ስለለመደ ነው። ቁልፎቹን ደርድሬ፣ የቁልፍ ቀዳዳውን በእጄ ዘምዝሜ፣ ለመምህራን እንኳ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ሲመሽ አለብሳታለሁ፤ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ አወልቅላታለሁ። አንድ ጠዋት ማውለቁን ረስቼ በር ላይ ስቆም ተማሪዎች በአጥሩ በኩል እያለፉ ነበር። "ጋሼ፣ ስንተኛ ክፍል ገባች?" አሉኝ። ሳቃቸው እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰማኝ።

ካፖርቱ አላዳናትም። ቢጫው እየወረደ መጣ። "ጥሟት ይሆናል" አልሁና ውኃ ጀመርሁ። ጠዋት አንድ ጀሪካን፣ ማታ አንድ ጀሪካን። ባሰባት። "አልበቃትም ማለት ነው" ብዬ ጨመርሁ። በጋ ሆኖ ሰው አቧራ ሲውጥ እኔ መስኮቴ ሥር በጭቃ ጫማ እቆም ነበር። የግብርና ባለሙያ የሆነ አንድ ደንበኛዬ ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ አማከርሁት። "የአካባቢያችን አፈር አሲዳም ነው፤ ኖራ ያስፈልገዋል" አለኝ። መጠኑን ሲነግረኝ የነገረኝ ለእርሻ ማሳ ነበር፤ እኔ እሱን ሁሉ ለእሷ ብቻ ሰጠኋት። ግቢዬ የዱቄት ወፍጮ ቤት መሰለ።

በመጨረሻ መናገር ጀመርሁ። የሻረግ ታናግራት አልነበር? ዝምታው ነው የጎዳት አልሁ። ጠዋት ጎንበስ ብዬ "እንደምን አደርሽ" አልኋት። ሌላ የምላት አጣሁ። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር ወሬውን ሁሉ የሻረግ ነበረች የምታመጣው፤ እኔ አዳማጭ ነበርሁ። ስለ ክር መወደድ ነገርኋት። ስለ መብራት መጥፋት ነገርኋት። በዚያው ሳምንት የመጨረሻው ቅጠል ወደቀ። አማርኛ አትሰማ ይሆናል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርሁ፤ አልተጽናናሁም። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

የምስራች እንዲመስላችሁ አልፈልግም እንጂ ያን ሰሞን የሻረግ ታላቅ ወንድም አያ ታደለ ከገጠር መጡ። አያ ታደለ ድንች አምራች ናቸው። አባታቸው ድንች፣ እሳቸው ድንች፤ ስለ ሌላ ነገር ስታወሯቸው እንኳ ሐሳባቸው ማሳው ውስጥ ነው። ባዶውን መሬት፣ ኖራውን፣ ካፖርቱን በየተራ ተመለከቱና ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ማንን ቀበርህ እዚህ?" አሉኝ።

"የሻረግን አበባ። ገደልኋት፣ አያ።"

በያዙት ዱላ ጫፍ ጫር ጫር አድርገው አወጧት። ሽንኩርቷ ቆዳዋ ረግቧል እንጂ ደህና ናት። በመዳፋቸው መዘኗት። "ምን ሞተች ትላለህ? ተኝታ ነው እንጂ" አሉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እዚያ ላይ ብናቆም ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራችሁም። ግን አያ ታደለ ቀጠሉ። "ይቺ እኮ ድንች ናት" አሉ።

"ሽንኩርት አትመስልም፣ አያ?"

"ከመሬት በታች የሚያድር ሁሉ የድንች ዘመድ ነው። ዘሯን ቆርጠን፣ አመድ አልብሰን፣ ቆጥ ላይ እናስተኛታለን። ስታጎነቁል እንተክላታለን። አንዷ ብትቀር ሌላዋ ትበቅላለች። ለሙት ዓመቷ መስኮትህ ሥር አንድ አበባ ሳይሆን ማሳ ሙሉ ነው የምታየው።"

ማሳ ሙሉ! ይህን ሲሉኝ ዓይኔ ላይ ያ ቀይ ከመስኮቱ እስከ በሩ ተሰልፎ ታየኝ። የሻረግ ዘመዶች ሲገቡ እጃቸውን አፋቸው ላይ ሲጭኑ ታየኝ። "ቁረጥ" አሉና ቢላዋውን ሰጡኝ፤ "አንተ መቁረጥ ታውቃለህ።"

"በየት በኩል?"

"በዓይኗ በኩል ነዋ። ድንች በዓይኑ ነው የሚቆረጠው።"

አገላበጥናት፤ ዓይን የላትም። ያን ጊዜ እንኳ ልብ አላልንም። "ዓይነ ስውር ትሆናለች፤ መሐሏን በላት" አሉ። መሐሏን አልኋት። ውስጧ ድርብርብ ነጭ ነበር፤ እንደ ቆረጥኋት እጄን አሳከከኝ። አመድ አለበስናት፣ ጭድ አንጥፈን ቆጥ ላይ አስተኛናት። ከመሄዳቸው በፊት አፍሬ አፍሬ "አያ፣ እባክዎ በአዊኛ አንድ ነገር ይበሏት" አልኋቸው። መጀመሪያ አበድህ እንዴ በሚል ዓይን አዩኝ። ኋላ ግን ወደ ቆጡ ቀና ብለው ረጋ ባለ ድምፅ ብዙ ተናገሩ። ሲጨርሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

"ምን አሏት?" አልሁ።

"ምን እላታለሁ፤ የበሬዬን ሕመም ነገርኋት" አሉና ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ።

ሲደርስ ተከልናት። በድንች ደንብ አፈር አስታቅፈን፣ ከፍ ከፍ አድርገን። አያ ታደለ "በየጊዜው አፈር ጨምርላት፤ ዘር ፀሐይ ሊያየው አይገባም" ብለው ስላዘዙኝ ጨመርሁ። እኔ እንደሆነ ትእዛዝ ካገኘሁ አልቆምም። ጨመርሁ፣ ጨመርሁ። ሚያዝያ ላይ መስኮቴን ከፍቼ ሳይ ከፊቴ የቆሙት ክምሮች የአበባ መደብ አይመስሉም፤ መቃብር ይመስላሉ። አንዱን ጣቴን ሰደድ አድርጌ ፈተሽሁት። ጣቴ ውኃ ያዘለ ነገር ውስጥ ገባ። ሽታውን አልነግራችሁም። ሌሎቹንም ቆፈርሁ፤ ሁሉም ያው ነበሩ።

ያን ቀን ሱቅ አልከፈትሁም።

ሙት ዓመቷ ቀረበ። የድግሱ ዝግጅት ተጀመረ፣ ጌሾው ተወቀጠ፣ እኔ ግን የሰው ዓይን ሸሸሁ። አደራ በላ ሆኛለሁ። አንድ ሐሳብ ብቻ ቀረኝ፤ የምትመስላትን ፈልጎ አምጥቶ መስኮቱ ሥር መትከል። አትፍረዱብኝ፤ የተጨነቀ ሰው ነኝ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ዳንግላ፣ ወደ አገሬ ሄድሁ። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ስዞር ዋልሁና በመጨረሻ አንዲት ደግ ሴት በዘይት ጣሳ የተከለቻትን አገኘሁ። ያችው ናት! ቅጠሏ ያው፣ አገዳዋ ያው፤ ጫፏ ላይ ሊፈነዳ የደረሰ እንቡጥ አለ። ሴትዮዋ ታሪኬን ስትሰማ "ውሰዳት ወንድሜ፣ ለነፍሷ ትሁን" አለችኝ። ጉልበቷን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ጣሳዬን ታቅፌ ወደ መናኸሪያ የሚወስደኝ ጋሪ ላይ ወጣሁ። ገበያው አጠገብ ስንደርስ "አንተ! አንተ አይደለህም እንዴ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ጋሪውን አስቁሜ ወረድሁ፣ ጣሳዬን መሬት አስቀመጥሁ፣ ተሳሳምን። "የሻረግ እንዴት ናት?" አለኝ። አልሰማም ማለት ነው። ነገርሁት። እንግዲህ ያልሰማ ሰው ሲሰማ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። "ወይኔ እህቴን!" ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለበሰ፣ ያለቅስ ጀመር። እኔም አብሬው አለቀስሁ። አላፊ አግዳሚው ቆመ፤ የማያውቁን ሴቶች ከንፈር መጠጡልን። ደህና አድርገን አልቅሰን፣ ተጽናንተን፣ እንባዬን ጠርጌ ዞር ስል ፈረሱ ያላምጣል።

ጣሳው ውስጥ የቀረው ጉቶ ነው። የእንቡጧ ቀይ ጫፍ ከፈረሱ ከንፈር ላይ ትንሽ ታየችና ገባች።

እኔ አፌን ከፍቼ ስቆም ባለጋሪው ቀደመኝ። "ምንድን ነው ያበላኸው ፈረሴን?" አለ።

"አላበላሁትም፤ ራሱ ነው የበላብኝ!"

"ምን የምትባል ናት?"

"ስሟን አላውቅም።"

"ስሟን የማታውቀውን ነገር ይዘህ በከተማ ትዞራለህ? መርዝ ብትሆንስ? ይሄ ፈረስ እኮ የልጆቼ እንጀራ ነው! የትም አትሄድም፤ ከሆዱ ወጥቶ እስካይ ድረስ እዚሁ ትቀመጣለህ።"

ምን እላለሁ? እውነቱን ነው። ጓደኛዬም ከአሁን አሁን ሌላ ለቅሶ ይመጣል ብሎ አብሮኝ ተቀመጠ። የተወለድሁበት ከተማ መሐል፣ የሚያውቀኝ ሁሉ እያለፈ፣ ከአንድ ፈረስ ኋላ ተቀምጬ ፋንድያ ስጠብቅ ዋልሁ። "ምን ሆነህ ነው?" ይሉኛል። "የሚስቴን ሙት ዓመት እያዘጋጀሁ ነው" እላለሁ። ሌላ ምን ብዬ ልጀምረው? ፈረሱ ትንሽ አለከለከ፣ ጆሮውን ጣለና አስደነገጠን፤ ኋላ ግን እግዜር ይስጠው ግዳጁን ፈጸመ። ባለጋሪው እጄን ጨብጦ አሰናበተኝ። ባዶ እጄን ወደ ቆሰበር ተመለስሁ።

የሙት ዓመቷ ዋዜማ ደረሰ። ዳሱ ስለጠበበ አያ ታደለና እኔ በእኛና በእትዬ ጥሩዬ ግቢ መካከል ያለውን የቀርቀሃ አጥር ልናፈርስ ገባን፤ እንግዳው በሁለቱም ግቢ ይቀመጥ ብለን ነው። እትዬ ጥሩዬ ጎረቤታችን ናቸው፤ የሻረግ እንደ ታላቅ እህቷ የምታያቸው፣ አማርኛውንም አዊኛውንም የሚያውቁ ሴት። ቀርቀሃውን ነቅለን ሳብ ስናደርገው ከማድ ቤታቸው ጀርባ ቀይ ነገር ታየኝ።

የሻረግ አበባ ናት። ያውም አንዲት አይደለችም፤ ተሰልፋ ነው። ያ አያ ታደለ የነገሩኝ ማሳ፣ የእኔ ግቢ ቀርቶ እዚያ በቅሎ ቆሟል።

ደሜ ፈላ። ወዲያው ታየኝ። አበባዋ ቆጥ ላይ የተኛች ጊዜ ሱቅ ስውል በሩን የሚያውቅ ማን ነው? እትዬ ጥሩዬ። ወስደውብኛል! ደህናዋን ወስደው የበሰበሰ ነገር ተክተውብኛል! እንዴት ይሆናል አትበሉኝ፤ ሰው ጥፋቱን የሚያሸክመው ሲያገኝ አእምሮው አይጠይቅም። የአጥሩን ቀዳዳ ዘልዬ ገባሁ። እትዬ ጥሩዬ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ለነገው ድግስ ምስር ይለቅማሉ።

"እትዬ ጥሩዬ! ይህ ምንድን ነው?" አልሁ።

"አበባ።"

"የማን አበባ?"

"የሻረግ ነዋ" አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

"ሟች አደራ ያለችኝን ነገር ከቤቴ ወስደው! እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ስቃጠል እያዩ! ክርስቲያን እንዲህ ያደርጋል?"

ሴቶቹ እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቀረ። አያ ታደለ "ተው አንተ፣ ተው" እያሉ ከኋላዬ ይስቡኛል። እትዬ ጥሩዬ ሰፌዳቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

"ጨረስህ?" አሉኝ።

"አልጨረስሁም!"

"በል ጨርስ።"

እጄን ወደ አበባዋ ዘረጋሁ፤ መልሼ አወረድሁት።

"ና ተቀመጥ" አሉኝ። ተቀመጥሁ። "አበባዋ ከጎኗ ልጆች ትወልዳለች፤ ትንንሽ ሽንኩርቶች። አምና አልጋ ላይ ሳለች፣ አንተ ሱቅ በነበርህበት ቀን፣ የሻረግ አስጠራችኝ። 'ልጆቿን ቆፍረሽ ውሰጂልኝ፤ ከማድ ቤትሽ ኋላ እሱ ከማያይበት ትከያቸው' አለችኝ።"

"ለምን እኔ ከማላይበት?"

"'እሱ እናቲቱን ይገድላታል' ብላ ነዋ።"

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አያ ታደለ ወደ ቀርቀሃው ዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

"'በስንፍና አይደለም' አለችኝ። 'ከያዘ አይለቅም። ውኃ ያበዛባታል፣ ይነካካታል፣ ብርድ ነው ብሎ ይሸፍናታል። በበጋ መተኛት ትፈልጋለች፤ እሱ ሰው ሲተኛ ማየት አይችልም። ሲገድላት አንዷን ስጪው' አለችኝ።"

ካፖርቱን አላየችም እኮ! ገና ሳይሰፋ ካፖርቱን አወቀችው። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

"ታዲያ ቢጫ ስትሆን ለምን አልነገሩኝም?" አልኋቸው። "እንደምገድላት ካወቀችስ ለምን አደራ አለችኝ?"

"እሱንማ እኔም ጠይቄያት ነበር። 'ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሣው ነገር ይኑረው ብዬ ነው' አለችኝ። 'እኔ ከሄድሁ በሩንም አይከፍት፣ ሱቁንም አይከፍት፤ ለእኔ አደራ ሲል ግን ይነሣል' አለች። እኔም ምን አደርጋለሁ፤ በአጥሩ ቀዳዳ አይህ ነበር። በሜትር ስትለካ፣ በጭቃ ስትቦካ፣ ተቀምጠህ ስታለቅስ። 'ልንገረው' ብዬ ስንቴ ተነሥቻለሁ መሰለህ። ግን ትነሣ ነበር። ጠዋት ጠዋት በርህ ሲከፈት እሰማለሁ፤ እሰይ እላለሁ፣ ወደ ሥራዬ እገባለሁ።"

ምስሩ ላይ ዝንብ አረፈች፤ አንዷ ሴት አባረረቻት። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

"እትዬ ጥሩዬ፣ ጠዋት ጠዋት አበባዋን በአዊኛ ምን ነበር የምትላት? እዚህ ድረስ ይሰማዎት እንደሆነ።"

"ኧረ ይሰማኝ ነበር። ምን ትላታለች፤ ስላንተ ነው እንጂ። 'ይሄ ሰውዬ ዛሬም ጋቢውን ሳይደርብ ወጣ፤ ብርድ ይመታዋል' ትላታለች።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ወሬ አልነበራትም።"

እሷ ያለችው ነገር እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ነው። ያን ሁሉ ጠዋት ከጎኗ አልፌ ወጥቻለሁ። እትዬ ጥሩዬ ሰፌዱን መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና "አንዷን እሰጥሃለሁ፤ አሁን ግን አብባለች፣ አትነካም። በበጋ ስትተኛ ነው የምሰጥህ። መርፌና ክር አታሳያትም፤ ቢላዋማ ያየሁ እንደሆነ ወዮልህ" አሉኝ። ኋለኛው ለአያ ታደለም ጭምር ነበር። አያ ታደለ እንዳልሰማ ሰው ቀርቀሃ መደርደር ቀጠሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ጉም ወርዶ ነበር። ዘመዶቿ ከዳሱ ዙሪያ ነበሩ፣ አይታዩም፤ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። በፈረሰው አጥር በኩል ግን ያ ቀይ እንደ ድሮው ይታይ ነበር። ቄሶቹን ለማምጣት ወደ ቤተ ክርስቲያን ተነሣሁ። የግቢው በር ላይ ስደርስ ትከሻዬ ባዶ መሆኑ ታወቀኝ። ወደ ቤት ተመለስሁ፣ ጋቢዬን ከምስማሩ አወረድሁ፣ ደህና አድርጌ ደረብሁ። ከዚያ ሰው እንደማያየኝ አረጋግጬ በአጥሩ ክፍተት ገባሁና አበባዋ አጠገብ ጎንበስ አልሁ።

"ደርቤያለሁ" አልኋት። በአማርኛ ነው፤ እንግዲህ ትልመደው።